ቡናው አብቧል ወይ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 27

ሚጡዬ፣

እዚያ ዝናብ ጥሏል? ከጣለስ ስንት ቀኑ ነው?

አዎ፣ ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤዬ በዝናብ ይጀምራል። ሰላምታ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። “እንደምን ከርመሻል” የሚለው ጋ ስደርስ እጄ አፈረ። መውለድሽን ሰምቻለሁ፣ ያውም ከሰው አፍ። ዛሬ ነገ እደውላለሁ ስል ልጁ በእግሩ ሄደ አሉኝ። በእግሩ ለሚሄድ ልጅ እናት “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብሎ መደወል ደግሞ እንዴት ይሆናል? ይኸው ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ማረችሽ። ይቅር በይኝ። ስድቡን አንብበሽ ስትጨርሺ ታወርጂብኛለሽ፤ አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ።

የመጣሁት በሽቶ ነገር ነው።

አትሳቂ። እኔና ሽቶ እንደማንተዋወቅ አውቃለሁ። ሥራ ቦታ ጭራሽ አይፈቀድም፤ ሆስፒታል ነው፣ ለታማሚ አይሆንም። ግን ሰፈራችን አጠገብ እሑድ እሑድ የሚቆም ገበያ አለ። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ጎራ እላለሁ። እዚያ በማር ሻጩና በእንጉዳይ ሻጩ መሀል አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግታ ትቀመጣለች። ሽቶ ራሷ ናት የምትቀምመው፣ ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ። ድርጅት የላት፣ ሠራተኛ የላት። በየዓመቱ ብርዱ ሲለቅ አዳዲስ ታወጣለች። የዘንድሮዎቹ አምስት ናቸው፣ ገና ስም አልወጣላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። በሁለት በሁለት ሚሊ ሊትር ብልቃጥ አድርጋ አምስቱን በ30 ዶላር ሸጠችልኝ። ወደ ብር አትቀይሪው፣ ትታመሚያለሽ።

ባሌ ደግሞ “በሁዳዴ ሽቶ? ጾም አያስገድፍም?” እያለ ያሾፍብኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ዕዳ ልክፈል። ትናንት መጋቢት 26 ነበር። ዘጠነኛ ክፍል “ጸደይ መስከረም ነው” ብዬ የተሟገትኩሽ ትዝ ይልሻል? አንቺ አያትሽን ጠርተሽ፣ “ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መጸው ነው፣ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፣ እስከ ሰኔ 25” ብለሽ ድርቅ አልሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብሽ፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ልክ ነበርሽ። ይኸው በጽሑፍ።

ወደ ብልቃጦቹ። በየቀኑ አንድ አንድ እያልኩ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ታጥቤ እጄ ላይ አደርጋለሁ።

ቁጥር 1 የቼሪ አበባ ነው ትላለች። ለዋሽንግተን በእነሱ አቆጣጠር በ1912 ከቶኪዮ ከ3,000 በላይ የቼሪ ዛፎች ተላኩላት ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ሰሞኑን ከተማው ሁሉ ዛፍ ሥር ፎቶ ይነሳል። እኔም ሄጄ አፍንጫዬን አበባው ውስጥ ከተትኩት። ይሸታል ከተባለም እንደ ሐሜት ነው፣ በጣም ቀረብ ካላልሽ አትሰሚውም። ተመልሼ “ታዲያ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?” አልኳት። “ሰው ሊሸት ይገባው ነበር ብሎ የሚያስበው ነዋ” አለችኝ። ወደድኳት።

ቁጥር 2 ላይላክ ነው። ጎረቤቴ አጥር ላይ አለ፤ ሲያብብ ሽታው መንገድ ተሻግሮ ይመጣል። ግን ዘይቱን ላውጣ ብለሽ ብታፈይው ብትጨምቂው አይሰጥሽም። ቀማሚዎቹ እንዲህ ያለውን ዲዳ አበባ ይሉታል። ከሌላ ከሌላ ነገር ለቃቅመው ነው እሱን የሚያስመስሉት። ቆንጆ ነው፣ ግን የእኔ አይደለም። ቁጥር 3ን የታጨደ ሣር አስመስላዋለች። ባሌ አሸተተና “ቄጤማ ጎዝጉዘሽ ፈንዲሻው የታለ?” አለኝ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ እኔም ሌላ ነገር ሊሸተኝ አልቻለም።

ቁጥር 5 ለእኔ ውሃ ነው። ልጄ “የታጠበ አንሶላ ይሸታል” ትለኛለች፤ እኔ ምንም። ደንግጬ ሴትዮዋን ብጠይቃት ሙስክ የሚባል የሽቶ ቅመም ነው፣ አፍንጫው ጤነኛ ሆኖ አንዳንዱን ሙስክ ጭራሽ የማያሸት ሰው ብዙ ነው አለችኝ። የአገሬን ስም ስነግራት መጀመሪያ ያነሳችው ምን ይመስልሻል? ቡና እንዳትይ። ዝባድ! ድሮ ለፈረንሳይ ሽቶዎች የሚገባው ዝባድ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ከእኛ አገር ይሄድ ነበር፣ አሁን በአብዛኛው በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ ነው አለችኝ። ያ ሊሙ መንገድ ላይ ጥርኝ አስረው ያኖሩ የነበሩት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። በደጃቸው ስናልፍ አፍንጫችንን ይዘን አይደል የምንሮጠው? ያ ግማት ለካ ፓሪስ ደርሶ የሴት አንገት ላይ ይውል ነበር።

ቁጥር 4ን ዘልዬዋለሁ። አውቄ ነው።

ሐሙስ ማታ ነው የሞከርኩት። መጀመሪያ መረር ያለ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ነገር ነበረው። ወጥ ላሞቅ ተነሳሁ፣ ረሳሁት። አሥር ደቂቃ አይሆንም፣ ምድጃው ጋ እጄን ዘርግቼ ሳለሁ ጓሯችሁ መጣ። እናትሽ የተከሉት ቡና በሙሉ። ማታ አረንጓዴ ሆኖ ተኝተን ጠዋት ነጭ ለብሶ የምናገኘው። ከቅጠሉ ብብት ሥር ያ ነጭ ኮከብ ተጠጋግቶ፣ ንቡ ሲንጫጫ፣ ከሥር ያለው አፈር ገና እርጥብ። ማንኪያውን ጥዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወጡ አረረ። አለቀስኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፣ ስለዚህ አላለቀስኩም።

እሑድ እየሮጥኩ ሄድኩ። “ይሄ የቡና አበባ ነው!” አልኳት። ማር ሻጩ ከአጠገባችን “ቡና አበባ አለው እንዴ?” አለ። በእጁ ቡና ይዞ! ሴትዮዋ ግን ዝም ብላ አየችኝ። ስለ ቡና አበባ አንብባለች፣ አሽታ አታውቅም። ቁጥር 4ን የሠራችው ከጃስሚንና ከብርቱካን አበባ ነው፤ ከዚያ ላይ ጂኦስሚን የሚባል ነገር ቅንጣት ጨምራበታለች። ዝናብ የነካው አፈር የሚሸተን እሱ ነው አሉ፣ አፈር ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ናቸው የሚሠሩት። አፍንጫችን እሱን ለመያዝ የተፈጠረ ይመስል እጅግ ትንሹን እንኳ ይለየዋል። በዛ ካለ ሽቶው ጭቃ ይሆናል።

“እርግጠኛ ነሽ?” አለችኝ። “ከሆነ ስሙን የቡና አበባ እለዋለሁ። ወረቀቱም ላይ ከቡና አገር የመጣች ሴት አሽትታ አረጋግጣለች ብዬ እጽፋለሁ።” ግንቦት ላይ ነው የምታሳትመው።

እኔም ደረቴን ነፍቼ “በእሱ አልሳሳትም፣ ያደግኩበት ነው” አልኳት። አፌን ታውቂው የለ።

አሁን ወደሚያስፈራው ደረስኩ። ቁጭ በይ።

አክስትሽ ከጅዳ ያመጡልሽ ሽቶ ነበር። ክዳኑ ወርቃማ፣ ለሠርግ ብቻ ነው ብለሽ ቁምሳጥን ውስጥ የቆለፍሽው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ድመቷ ሰበረችው ተብሎ ሁለት ቀን ያለቀስሽበት። ድመቷ አይደለችም። እኔ ነኝ።

ስኳር ልትገዢ ወጥተሽ ነበር። ቁልፉን የት እንደምታስቀምጪው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ላሸተው ነበር፣ እውነቴን ነው። ቤት ውስጥ ከነፋሁት ታውቂብኛለሽ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቡናው ሥር ስደርስ ከእጄ አመለጠ፣ ያ እናትሽ በርበሬ የሚደልዙበት ድንጋይ ላይ አረፈ። ስባሪውን በቀሚሴ ለቅሜ ቁምሳጥኑ ሥር በተንኩት። ድመቷ እዚያ ነበር የምትተኛው። በእሷ ተላከከ። ለጎረቤት ስትሰጧት እኔ ነኝ አቅፌ ያደረስኳት፣ ታስታውሻለሽ? መንገድ ሙሉ ይቅርታ ስጠይቃት ነበር። ካንቺ ይልቅ ድመቷን።

ሃያ ሁለት ዓመት ዋጥኩት፣ እስከ መቃብር ይዤው እሄድ ነበር። አሁን ያስወጣኝ ግን ጸጸት ብቻ አይደለም፣ አልዋሽሽም። ያ ሽቶ ጃስሚን ነበር የሚሸተው። ያን ዕለት ደግሞ ቡናው አብቦ ነበር። ገባሽ? ጠርሙሱ የፈሰሰው አበባው ሥር ነው። አፍንጫዬ ያን ቀን ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥሮ አስቀምጦ ቢሆንስ? ሐሙስ ማታ ወለል ላይ ያስቀመጠኝ ቡናው ነው ወይስ የሰረቅኩሽ ሽቶ? የማገኘው ጽሑፍ ሁሉ “የቡና አበባ ጃስሚን ጃስሚን ይላል” ነው የሚለው፤ ምንም አይረዳኝ። ሳሎኔ ውስጥ በማሰሮ የተከልኩት አንድ ቡና አለ፣ አራት ዓመቱ ነው፣ ቅጠል ብቻ። ጋርዲኒያ የቡና ዘመድ ነው ብለውኝ አበባ መሸጫ ሄጄ አሸተትኩ። እሱ ደግሞ ቅቤ ቅቤ ይላል። ከወጣሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሚጡ። የምመካበት አፍንጫ ከዚያ ወዲህ የቡና አበባ አላየም።

ስለዚህ የአንቺን አፍንጫ ልዋስ።

እንቡጡ በጋውን ተኝቶ ዝናብ ነው የሚጠብቀው። ከጣለ በስምንት በአሥር ቀኑ ይፈነዳል፣ ከፈነዳ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው ስለ ዝናብ የጠየቅኩሽ። አልፎ ከሆነ የቀረ ቅርንጫፍ ፈልጊልኝ፤ ዘግይቶ የሚያብብ አይጠፋም። በማለዳ ውጪ፣ ቡና ሳይቆላ፣ ሽንኩርት ሳይነካ። እዚህ ሽቶ መሸጫዎች የቡና ፍሬ በሳህን ያቀርባሉ፣ አፍንጫ ያጠራል ብለው። ሴትዮዋ ትስቅባቸዋለች። የራስሽን ክንድ እጥፋቱ ላይ አሽቺ፣ ከዚያ ወደ አበባው ተመለሺ ትላለች። ቡና ቢያጠራ ኖሮማ እኛ ጅማ የተወለድን ሰዎች የዓለም አፍንጫ በሆንን።

ሁለት ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንደኛ፣ ከጣፋጩ ሥር የሚመር ነገር አለው ወይ? ሁለተኛ፣ በጣም ሲጠጉት የሚረብሽ ነገር አለው? ቁጥር 4 አለው። ከሩቁ ማር ነው፣ አፍንጫሽን ስታስጠጊ እንደ ልብስ ሳጥን ናፍታሊን ያለ ነገር ይወጣዋል። ጃስሚን በተፈጥሮው አለበት አለችኝ። ቡናው ይኑረው አይኑረው ነው የማላስታውሰው። እናትሽን አትጠይቂ፣ እሳቸው የሚወዱትን ሁሉ “ጥሩ ነው” ነው የሚሉት። ደግሞ ጉንፋን ይዞሽ ከሆነ፣ መቼ ለቆሽ ያውቃል፣ እስኪለቅሽ ጠብቂ።

እኔን ደስ ይበላት ብለሽ “አዎ ነው” እንዳትይኝ። ካልሆነ ሄጄ እነግራታለሁ። ማር ሻጩ ፊት አፍራለሁ፣ ግን እነግራታለሁ። ወረቀት ላይ የታተመ ውሸት ደግሞ በማን አላክካለሁ? እዚህ ድመት የለኝም።

ከቁጥር 4 የተረፈኝን ግማሽ ብልቃጥ ልኬልሻለሁ። ለፋሲካ የምትገባ ሴት አለች፣ አዲስ አበባ ለእህትሽ ታቀብላለች። በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፣ ካልሲውም ያንቺ ነው። የጅዳውን ይተካል ብዬ አይደለም። እሱንም ፈልጌ እገዛለሁ፤ ስሙ ምን ነበር? ክዳኑ እንጂ ስሙ ጠፋኝ።

ሌላም ልጠይቅሽ የምፈልገው አለ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ይሄን ያህል ገጽ ስለ አፍንጫ ለፍልፌ ይሄን አለማወቄ… እሺ፣ ልጻፈው።

ልጁን ማን አላችሁት?

ያችው ሌባሽ