ልጅ «አመመኝ» ስትል ይቁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንቁጣጣሽ ስለደረሰ ነው የምጽፈው። ባለፈው የጥምቀት ዋዜማ የሰባት ዓመት ልጄን ሹሩባ ላሠራ ሰፈራችን ካለ ጸጉር ቤት ወሰድኳት። ወረፋው እስከ በር ነበር። «እንዲቆይላት ጠበቅ አድርጊው» ያልኩት እኔው ነኝ። ልጄ ሁለት ጊዜ «እማዬ፣ አመመኝ» አለች። «ቻል አድርጊው የኔ ቆንጆ» ተባለች፤ እኔም ዝም አልኩ።

ማታ ትራስ ላይ መተኛት አቃታት። መብራት አብርቼ ሳያት በግንባሯ ዳር በየጸጉሩ ሥር ነጫጭ ብጉር ወጥቷል፤ ቆዳዋ ከመወጠሩ የተነሳ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቧል። በማበጠሪያ ጭራ እየፈታሁ እኩለ ሌሊት አለፈ። ነጠላዬ ላይ የወደቀውን ጸጉር ሳነሳው ጫፉ ላይ ነጭ ሥር ነበረው፤ ተነቅሎ ነው የመጣው።

የቆዳ ሐኪሙ ቶሎ በመፈታቱ መልሶ እንደሚበቅል ነገረን። እየተደጋገመ ሲጎተት ግን ሥሩ ይሞትና ቦታው ገላጣ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ጸጉር ቤት የምመርጠው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ አይደለም። ገብቼ እቀመጥና ተሠርተው የሚነሱትን ሴቶች ግንባር አያለሁ። ማበጠሪያው ሳይታጠብ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ካለፈ ልጄን ይዤ እወጣለሁ፤ ቆረቆር ከልጅ ወደ ልጅ የሚጋባው በዚህም ነው። ዊግ ለልጅ አላስቀጥልም፣ ክብደቱ ራሱ ይጎትታል። ለራሴ ሲሆን ግን ቀድሜ ገዝቼ አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ እዘፈዝፈውና አለቅልቄ አደርቀዋለሁ፤ ማሳከኩ ይቀንስልኛል። የልጄን ጸጉር ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ቤት አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ከጫፉ ጀምሬ ፈትቼ ነው የምወስዳት። የተቋጠረ ጸጉር ለሠሪዋም ለልጅቷም መከራ ነው። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ፈጽሞ አልሄድም፤ እጅ የሚከብደው ያን ቀን ነው።

ሹሩባ የምትሠሩ እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ጣታችሁ እስኪደነዝዝ እንደምትሠሩ አይቻለሁ። እኔን የመሰለች እናት «አጥብቂው» ስትላችሁ እባካችሁ እምቢ በሉ። የግንባሯን ለስላሳ ጸጉር ተዉላት። በሁለት ሳምንት ቢፈታ ተመልሼ እከፍላለሁ።

ዝግጅት ክፍሉም ከበዓሉ በፊት በጤና ዓምዳችሁ አንድ የቆዳ ሐኪም ብታስጽፉልን ትልቅ ውለታ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከጉለሌ