ሁለት ዓይን የሰጠኸው ሰው

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ። እዚያ ውጭ አገር ያሉት በታኅሣሥ 16 አክብረው ጨርሰዋል። አንተ ግን እስከ 29 ጾመህ እንደጠበቅክ አልጠራጠርም።

11 ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ ታውቀዋለህ። ቢሆንም ከራሴ አፍ መስማት ይገባሃል፤ እመጣበታለሁ።

ኅዳር 15 ጾሙ የገባ ሰሞን የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ዕቃ ቤት ስናጸዳ ያ ለገና ጭውውታችን ልደቱን የሣልክበት አቡጀዲ ተገኘ። ያንተው። ከተሰባበሩት አግዳሚ ወንበሮች ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጆቹ መሬት ላይ ዘረጉት። ዋሻው አለ። ግርግሙ አለ። ላሚቱና አህያይቱ አንገታቸውን አስግገው ሕፃኑን በትንፋሻቸው ሲያሞቁት አሉ። አንዱን ጥግ አይጥ በልቶታል፤ የቀረው ግን ደህና ነው። ተራ የቤት ቀለም ይህን ያህል መቆየቱ ገረመኝ። ልጆቹ ወዲያው «የዘንድሮውን ገና እዚህ ፊት እንሥራ» አሉ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሠራናቸው ጭውውቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። መልአኩ ይገባል፣ ይሰብካል። እረኛው ይገባል፣ ይሰብካል። ሰብአ ሰገል ወርቁን፣ ዕጣኑንና ከርቤውን ያስቀምጡና እነሱም ይሰብካሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኪቦርድ ይጮኻል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። የጌታን ልደት ለሰው የማደርሰው በቃል ብዛት ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ምንም ሳልጽፍ ከልጆቹ ጋር ሉቃስ ምዕራፍ ሁለትን ብቻ ደጋግመን አነበብን። አንዷ ልጅ «ማደሪያ የከለከላቸው ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለች። ፈለግን። የለም። ስሙ ብቻ ሳይሆን ሰውዬውም የለም። ወንጌሉ የሚለው በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም እንዳስተኛችው ብቻ ነው። በየዓመቱ በሩን ስናስዘጋው የኖርነውን ሰው የፈጠርነው እኛ ነን። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያ ማንም ሊሆን ይችላላ» አለች። ጭውውቱ ከዚያች ቃል ተወለደ።

ፒያሳ እንዴት እንደሆነች ሰምተሃል መሰለኝ። ብዙዎቹ ልጆቻችን ሰፈራቸው በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ዳር ከተማ ነው ያሉት። እሑድ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። የኪራይ ቤት ፍለጋ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ስለዚህ ንግግሩን እነሱ ራሳቸው ጻፉት። ዮሴፍ ከደላላ ጋር ቤት ይዞራል። አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «ስንት ናችሁ?» ትላለች።

«ሁለት ነን። ሦስት ልንሆን ነው።»

«ውይ፣ ከልጅ ጋር አናከራይም።»

ሌላው በር። «ውሃ ትጨርሳላችሁ።» ሌላው በር። «የስድስት ወር ቅድሚያ።» ከዚህ ሌላ ምንም የለም። እመቤታችንን ሰው ሆኖ የሚጫወታት እንዲኖር አልፈለግንም፤ አባቶችም ቅር ይላቸዋል፣ እኔም ይከብደኛል። ዮሴፍ ብቻውን ነው የሚያንኳኳው። «ደክሟታል፤ ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች» ይላል። ሕዝቡ ዞር ዞር እያለ ወደ መግቢያው ሲያይ ታየዋለህ።

እረኞቹን በተመለከተ የሠራነውን ብታይ ደስ ይልህ ነበር። ከበዓሉ በፊት በግ ይዘው ከገጠር የሚመጡትን ሰዎች ታስታውሳለህ አይደል? ልጆቹን ሲመሽ ወሰድኳቸው። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጎቹን መሐል አድርገው እዚያው ያድራሉ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን የሚሰቅሉበትን አኳኋን ልጆቹ ልቅም አድርገው ያዙት። አንዱ ትንሽ ልጅ «መንጋቸውን በሌሊት ሲጠብቁ በሜዳ ያደሩ» የሚለውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን ብርዱን ያወቀው ያን ማታ ነው። እረኞቹ የምሥራቹን ሰምተው በደስታ ዱላቸውን ይዘው ሲጫወቱ የገና ጨዋታ ተጀመረ የሚለውን የአባቶቻችንን ትውፊትም አስገባንበት። ሩሩ አዳራሹ ውስጥ ሲንከባለል ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሥተው ቆሙ።

ኪቦርዱን ተውነው። የማታውን ክፍል በበገና ብቻ ሠራነው። አንድ ወንድም ማታ ማታ ተምሮ ጥሩ ይደረድራል። ያ ከአንጀት የተሠራው አሥር አውታር፣ ከሥሩ በእንዚራው ቆዳ ላይ እየተርገበገበ ያን ጥልቅ ድምፅ ሲያወጣ ሰው ሳይነገረው ጸጥ ይላል። ከበሮውን ያስገባነው መላእክቱ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት» ሲሉ ብቻ ነው። ቀድሞ ዝምታ ስለነበረ ከበሮው እንደ ዜና ሆነ።

ያቀረብነው እሑድ ታኅሣሥ 26፣ በኖላዊ፣ በመልካሙ እረኛ ዕለት ነው። ሦስተኛው በር ሲዘጋ አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ ጋ አምጣት!» አሉ። ከልባቸው ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። አዳራሹ ፀጥ አለ። ዮሴፍን የሚሠራው ልጅ የሚለው ጠፋበት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ላቡ ወረደኝ። ልጁ ከመድረኩ ወረደ፣ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ምንም ሳይናገር ተመልሶ ወደ ዋሻህ ሄደ። ያን ጊዜ አቡጀዲው ላይ መብራት በራ።

ወንድሜ፣ በ20 ዓመት አገልግሎቴ የጌታ ልደት እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። ሰማይን የፈጠረ ጌታ ማደሪያ አጥቶ በከብቶች ግርግም ተኛ፤ ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። እኒያ እናት ግን ቦታ ለቀቁለት።

እና አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ።

ከዋሻው በስተግራ በር ላይ የቆመ ሰው ሣልክ። የከለከላቸው ሰው ነው። ሁለት ዓይን ሰጠኸው። እኔም የድሮውን ሥርዓት ጠቅሼ ተሟገትኩህ፤ ቅዱሱ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ነው የሚኖረው አልኩህ። ያንን ያስተማርከኝ አንተው ነበርክ። ጊዮርጊስ ወስደህ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች እያሳየህ ስለ ዓይን፣ ስለ እጅ፣ ስለ ብርሃን ስንት ሰዓት አውርተሃል። ያን ቀን የመለስክልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይኼ ሰው እኮ ገና ሊከፍት ይችላል» አልከኝ።

እኔ አልሰማሁህም። ማታ አንተ በሌለህበት ብሩሽ ይዤ አንዱን ዓይን ቀባሁበት። በነጋታው አይተኸው ምንም አላልክም። በዓሉን አሳለፍክ፣ ከዚያ ሳትሰናበተኝ አገር ለቀህ ሄድክ። የሰው ሥራ ላይ፣ ያውም የወንድሜ ሥራ ላይ፣ ያውም በጌታ ልደት እጄን አነሣሁ። ይቅር በለኝ።

አቡጀዲውን ስንዘረጋ ምን እንዳየሁ ልንገርህ። እኔ የቀባሁት ቀለም ተሰነጣጥቆ ተላጧል። ያንተ ዓይን ከሥር አለ። ልጆቹ «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ዓይኑ የቆሰለው?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። እንደነበረ ሰቀልነው።

አይጥ የበላውን ጥግ ልጆቹ ራሳቸው ሊያድሱት ይፈልጋሉ። የላሚቱ የኋላ እግር ያለበት ነው። ያን ቡኒ ከምን ከምን እንደበጠበጥከው ጻፍልኝ፤ ሦስቴ ሞክረን አልመጣልንም። የሰውዬውን ዓይን ግን እንዲነኩት አልፈቀድኩም። እሱን አንተ ስትመጣ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የሚናፍቅህ ወንድምህ