መጭ አደይ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን ለገበያ በወጣሁ ቁጥር ጋዜጣችሁን ገዝቼ ነው የምመለሰው። በዘመን መለወጫው እትም ፊት ገጽ ላይ ያወጣችሁት ፎቶ ግን ከነከነኝ። ከሥሩ «አደይ አበባ» ተብሎ ተጽፏል። አደይ አይደለም፤ መጭ የሚባለው ሌላ ቢጫ አበባ ነው።

የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መስከረም 15 ለደመራው አደይ አምጪ ብዬ ላክኋት። ጋዜጣውን ይዛ ወጥታ እቅፍ ሙሉ መጭ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ይኸው! ልክ እንደ ፎቶው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን ልበላት?

እኔ አንኮበር አካባቢ፣ ከወፍ ዋሻ ደን ግርጌ ንብ የማነባ ሰው ነኝ። ንቦቼ ሁለቱንም ይቀስማሉ፤ የጥቅምትና የኅዳር ማራችን በብዛት ከእነሱ ነው። መጭ ባለውለታዬ ስለሆነ ንቄው አይደለም። ግን ሁሉም በስሙ ይጠራ።

በማግስቱ ልጅቷን ይዤ ወጣሁ። ቀለሙን ተይው፣ ቅጠሉን እይ አልኳት። የአደይ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል የተተለተለ ነው። የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ ነው፤ ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ግንዱ ላይም ልጥፍ ብሎ ነው የሚበቅለው። መጭ የኑግ ዘመድ ነው፤ ኑግ የዘራ ሰው አይስተውም። አደይ ደግሞ የጨጎጊት ዘመድ ነው፣ የዚያ ልብስ ላይ የሚጣበቀው። አደይ የምንለውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የቅርብ ዘመዶቹ በዚሁ ስም ይጠራሉ። በሳይንስ ስሙ ባይደንስ ማክሮፕቴራ የሚባለው ዋነኛው ነው። ማክሮፕቴራ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው፤ ዘሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ዳርና ዳሩ ላይ ስስ ክንፍ አለው።

ቦታውንም ማወቅ ይረዳል። ጫካው ውስጥ፣ ከጽዱና ከዝግባው ጥላ ሥር አደይ ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። ፀሐይ ይወዳል። የደኑን ጠርዝ፣ የእርሻውን ወሰን፣ የድንጋዩን ካብ ተከትላችሁ ሂዱ። እኛም ያገኘነው ካብ ሥር ነው፣ ከብት ያልደረሰበት ቦታ። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት በመስከረም ሙሉውን ቢጫ ነበር። አሁን ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ከሥሩ ደረቅ ቅጠል እንጂ ሌላ አታዩም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ይበልጥ ያመኛል። በበዓል ዋዜማ አደይ ከነሥሩ ተነቅሎ ለገበያ ሲጫን አያለሁ። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው። ለከርሞ የሚበቅለው ከወደቀው ዘር ብቻ ነው። ሳያፈራ ከተነቀለ ምን ይወድቃል? እናቴ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነበር በማጭድ የምታስቆርጠን። የቀረው ቅርንጫፍ አብቦ ዘሩን ይጥል ነበር። እኔም ለልጅቷ እንደዚያው አሳየኋት። ሁለት እፍኝ ቆርጠን ተመለስን፤ ለደመራው በቃ።

እባካችሁ በሚመጣው ዓመት ፎቶ ስታወጡ ቅጠሉም አብሮ ይታይ። ፎቶ አንሺያችሁን በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላኩልኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚያብቡበትን ወሰን አሳየዋለሁ። እኔ ቀፎ ላይ ከሆንኩ የልጅ ልጄ ትወስደዋለች፤ አሁን ለይታ አውቃለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ንብ አናቢው፣ ከአንኮበር