የአካቶ ትምህርት ክበብ፦ እጃችንን መሰብሰብ የተማርንበት ዓመት

አካቶ ትምህርት አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበት ነው። ክበባችን መስከረም ላይ ሲቋቋም ዕቅዱ አጭር ነበር፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) እየገቡ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ሊያግዙ። 18 አባላት ተመዘገቡ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ግቢያችን፣ ዘንድሮ እንዲህ ያሉ አራት ልጆች ገብተውልናል። አንዷን ሌላ አጸደ ሕፃናት «ሌሎቹን ትረብሻለች» ብሎ መልሷት ነበር። የአንዱ አባት ሊያስመዘግብ ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ «እባክዎ፣ ለነፍስዎ ብለው» አለኝ። አገራችን ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋን፣ መማር የልጁ መብት መሆኑን ነገርኩት። ኮፍያውን እስኪያደርግ ድረስ ደጋገምኩለት።

የመጀመሪያውን ወር ሳስበው ያሳዝነኛል። የዚህ አባት ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ (የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) አለበት፤ እጁ ያሰበበት እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ቆርኪ ቆጥሮ ጣሳ ውስጥ ሊከት ሲል አባሎቻችን ተቀብለው ይከቱለታል፣ መልሱንም ይመልሱለታል። እኔም ቆሜ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የኦ ክፍል መምህርቷ ጠርታ «ቲቸር፣ ልጁ እኮ እጁን ማንሳት ተወ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁጭ ብሎ የሚከትለትን ሰው ይጠብቃል።

ያን ዕለት ደንብ አወጣን፦ ልጁ ካልጠየቀ በቀር፣ በልባችን እስከ ሃያ ሳንቆጥር እጃችን አይነሳም። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሃያ መቁጠር ረጅም ነው። አንዷ አባላችን መዳፎቿን ጭኗ ሥር ቀብራ ስትጠብቅ አይቻለሁ። ቆርኪው ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ጣሳው ቋ አለ፤ ልጁም በደስታ ጮኸ። እርሳስ እንዳያመልጠው ደግሞ ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጠን ጠቀለልንለት።

መስማት ከተሳናት ልጅ ጋር ችግሩ የእኛ ነበር፤ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አልነበረንም። በሰፈሩ ልብስ የሚሰፋ መስማት የተሳነው ወጣት ከኅዳር ጀምሮ እየመጣ አስተማረን። የጀመረውም ከፊደል አይደለም፤ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ እናት፣ አሞኛል። ልጅቷ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት የምትናገርበት ቋንቋ ነበርና ልክ ነበር። የጣት ፊደል ሲመጣ ግን ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ቤቶች የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። ካዕብና ሣልስ ሲምታታባቸው የነበሩ ሰሚ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ መለየት ጀመሩ፤ ሲሳሳቱ የምታርማቸውም እሷ ሆነች።

ሌላው አጸደ ሕፃናት የመለሳት ልጅ ኦቲዝም አለባት፤ የሚያስጨንቃት የደወሉ ድምፅ ነው። ከመደወሉ በፊት አንድ አባል የደወል ሥዕል ያሳያታል፤ ጆሮዋን ይዛ ትጠብቃለች። ከዚህ ወዲህ ጩኸቱ ቀንሷል። ዓይኑ ለሚደክመው ልጅ ካርቶን ላይ ሲባጎ ለጥፈን በጣት የሚዳሰስ ፊደል ሠራንለት።

መወጣጫው ላይ ተሳስተናል። የኦ ክፍል ደጃፍ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ1 ሜትር ጣውላ ሠራነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ እናቱ ስትገፋው ዊልቸሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ደግነቱ ከኋላ ቆመን ነበር። የሚመከረው ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው፤ ይህን አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። የስምንተኛ ክፍሎቹ አስልተው ወደ 2 ሜትር ከ40 አስረዘሙት።

ልጁ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ይገባል። ሰኔ ላይ የዚያን ክፍል ደጃፍ ለካን፤ የሜትሩን ጫፍ የያዘው እሱ ራሱ ነው። ጣቱ ምልክቱ ላይ እስኪደርስ ጠበቅነው። 25 ሴንቲ ሜትር። 3 ሜትር የሚሆን ጣውላ ያላችሁ ወላጆች፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በር ላይ ላሉት ለጋሼ ጥበቃ አስረክቡልን።