«ዕጣ ወጥቶልዎታል» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ስልክ ማጭበርበር በየጊዜው የምታወጡትን ማሳሰቢያ እናነባለን። ሐሳቡ መልካም ነው፤ «የፊደል ግድፈት ካያችሁ ተጠንቀቁ» የሚለው ምክር ግን ጊዜ አልፎበታል። አሁን የሚመጡት መልእክቶች ጥርት ባለ አማርኛ የተጻፉ ናቸው። ደዋዩም ትሑት ነው፤ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረው። ስለዚህ አንባቢ የመልእክቱን መልክ ትቶ የሚጠየቀውን ነገር ይመልከት። ገንዘብ፣ የሞባይል ካርድ፣ የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የገባ ኮድ ከተጠየቀ ሽልማት የሚባል ነገር የለም።

በስልክ የሚመጣውን እንውሰድ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ 100 ሺህ ብር ወጥቶልዎታል» ይባላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ግብሩን 2 ሺህ ብር ቀድመው ያስገቡ» ይከተላል። በገቢ ግብር ሕጋችን የዕድል ሽልማት ግብር የሚቆረጠው ከከፋዩ ዘንድ ነው። ሽልማቱን የሚሰጠው ድርጅት ግብሩን ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል፣ ባለዕድሉ የተረፈውን ይቀበላል። «ከሽልማቱ ላይ ቆርጣችሁ ቀሪውን ላኩልኝ» ቢባል እውነተኛ ከፋይ የሚከብደው ነገር የለም። አጭበርባሪው ግን «ሲስተሙ አይፈቅድም» ይላል፤ ወዲያው ማጣደፍ ይጀምራል። «ስልኩን እንዳይዘጉ፣ ለማንም እንዳይናገሩ፣ ዕጣው ለሌላ ይተላለፋል» የሚለው ሰውየው ጎረቤቱን ወይም ልጁን እንዳይጠይቅ ነው። መድኃኒቱ ስልኩን ዘግቶ ራስ መደወል ነው፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951። ደዋዩ «በዚህ አረጋግጡ» ብሎ የሰጠው ቁጥር አያገለግልም፤ የሚያነሳው የራሱ ሰው ነው። በቴሌብር ሲላክ ደግሞ የሚስጥር ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ድርጅት ነኝ ያለው ሰው ስሙ የግለሰብ ሆኖ ከመጣ እዚያው ላይ ማቆም ይቻላል።

ለባጃጅ ሾፌሮችና ለቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች የበለጠ የሚያሰጋው «በስህተት ላክሁልህ» የሚለው ነው። 5 ሺህ ብር ገባልህ የሚል መልእክት ይመጣል፣ ተከትሎ አንድ ሰው እያለቀሰ ይደውላል፤ «ግማሹን ላንተ፣ ግማሹን መልስልኝ» የሚልም አለ። መልእክቱ ቃል በቃል የቴሌብርን ይመስላል፤ ልዩነቱ ከላይ ነው። የቴሌብር መልእክት 127 ከሚል ላኪ ይመጣል፤ ሐሰተኛው በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ነው። ሰው ዓይኑ ብሩ ላይ ስለሚያርፍ ላኪውን አያየውም። የላኪው ስም ትክክል ቢመስል እንኳ መልእክቱ ራሱ ገንዘብ አይደለም፤ *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ሂሳቡ ካልጨመረ የሚመለስ ነገር የለም፣ ዕቃም ከሱቅ መውጣት የለበትም። ዘጌም ሆነ ሌላው የጣና ዳር ቀበሌ ውስጥ መልእክት በልጅ የሚያስነብቡ ወላጆች አሉ። ልጁ ከብሩ በፊት የላኪውን ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ማስለመድ ይገባል።

በቴሌግራም ግሩፖች የሚዞረው ነፃ ኢንተርኔት ወይም ነፃ ስልክ የሚሰጥ ሊንክ ሌላ ዓይነት ነው። ሦስት ሳጥን ያሳያል፤ የመጀመሪያው ባዶ ይሆናል፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው «ያሸንፋል»። ማንም ቢነካው እንዲያሸንፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሥር የሚታዩት የምስጋና አስተያየቶችም የገጹ ሥዕል ናቸው፣ ማንም አልጻፋቸውም። ከዚያ «ለ5 ግሩፕ አጋራ» ይላል፤ ሊንኩ የሚዛመተው እንዲህ በወዳጅ እጅ ነው። አድራሻውን ሲያነቡ ከ«https://» በኋላ እስከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር (/) ድረስ ሄዶ ከእሱ ቀድሞ ያለውን መጨረሻ ማየት ነው። የድርጅቱ ስም ፊት ላይ ተለጥፎ መጨረሻው «ዶት ቶፕ» ወይም «ዶት ኤክስዋይዚ» ከሆነ ገጹ የድርጅቱ አይደለም።

«ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ከሚል ወዳጅ የሚመጣው ሊንክ ደግሞ ስልክ ቁጥርና ኮድ ያስሞላል። ያ ኮድ የቴሌግራም መግቢያ ነው፤ ወዳጁም አካውንቱ ተሰርቆበት ይሆናል። ኮዱን የሰጠ ሰው ቶሎ መሮጥ አለበት፦ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ከራሱ ስልክ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ማስወጣት። አዲስ የገባው ሌባ ነባሩን ስልክ ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ ስላለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ የበላይነቱ የባለቤቱ ነው። ወዲያውም በፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት ነው።

ዲቪም አለ። የአሜሪካ መንግሥት ለዲቪ ባለዕድል ዕጣ እንደወጣለት ለመንገር አይደውልም፣ ኢሜይልም አይልክም። ውጤት የሚታየው በይፋዊው ድረ ገጽ፣ በማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርሙን ኢንተርኔት ቤት ያስሞላ ሰው ቁጥሩን ራሱ ይዞ ይውጣ። ፎርሙን የሞላለት ሰው ጋር ከቀረ ውጤቱን መጀመሪያ የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ያኔ ባለዕድሉ በገዛ ዕጣው ይደራደራል።

ገንዘብ ከተላከ በኋላ መልእክቱን አለማጥፋት፣ የግብይት ቁጥሩን ይዞ ወዲያው 127 ወይም ባንኩ ጋር መደወል፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ማፈር አይገባም። ድርጊቱ ወንጀል ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ።

ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዕጣም ሆነ ቶምቦላ ለማውጣት ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። በበዓል ሰሞን «ገዝተው ይሸለሙ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ፈቃዱን ሳታዩ አታውጡ፤ የፈቃድ ቁጥሩንና ዕጣው የሚወጣበትን ቀን ከማስታወቂያው ጋር አብራችሁ አትሙ፣ አንባቢ ራሱ እንዲያጣራ።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከባሕር ዳር