የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ጥድ አልቆረጥንም!

መጀመሪያ ይሄን ነገር ላጥራው። በትምህርት ቤታችን ዓመቱን ሙሉ ስለ ክበባችን "እነዚህ ልጆች ጥድ እየጨፈጨፉ ነው" ሲባል ነበር፣ በተለይ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ወገኖቻችን (ራሳቸውን ያውቃሉ)። አንድም ዛፍ አልቆረጥንም። ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በመሮ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ የምናስረው ጥድ የአጥር ቋሚ ነው። አለም ገና ዙሪያ የድሮው አጥር እየተነቀለ ብሎኬት እየተገነባ እንደሆነ ሁላችሁም ታያላችሁ፣ ቋሚው ደግሞ ተፈልጦ ለማገዶ ይሄዳል። ነጩን ዳር ምስጥ ይበላዋል፣ የሐበሻ ጥድን ቀይ ልብ ግን አይደፍረውም፣ ከላይ ግራጫ ሆኖ ያለቀለት የሚመስል እንጨት መሮ ሲያርፍበት ውስጡ ቀይ ነው፣ ሽታውም ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ይሄዳል።

ምዝገባው፣ የዓርብ ስብሰባው፣ የደህንነት ትምህርቱ ያው እንደማንኛውም ክበብ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ።

የሱባ ጉዞ ግን ይለያል። መናገሻ ሱባ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ደን ነው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ትልልቆቹ ጥዶች ጋ ስንደርስ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ፣ ከጓደኞቿ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱን ግንድ ለማቀፍ ሞከሩ፣ አልደረሱም። ከዛ ዞር ብላ "ቲቸር፣ ይሄን ነው እንዴ አጥር ያረግነው?" አለችኝ። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለቋሚ ይደርሳል፣ ጥድ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው አልኳት፣ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ሰኞ ጠዋት ከጎረቤት የለመነችውን ቋሚ ተሸክማ መጣች።

የሠራችው ጎድጓዳ ሳህን ትንሽ ነው፣ ከቋሚ ከዚያ በላይ አይወጣም። መሃል እምብርቱ ከቀረ ስለሚሰነጠቅ በእምብርቱ ለሁለት ሰነጠቀችው፣ ምስማር እንዳይኖር በማግኔት ፈተሸችው፣ ከዛ ውጪውን ከመቀመጫው ወደ ከንፈሩ፣ ውስጡን ደግሞ ከከንፈሩ ወደ መሃል በመሮ ቀረጸችው። ጉጡ ጋ ስትደርስ መሮው እየዘለለ አስቸገራት፣ ብርጭቆ ወረቀቱም ሲሞቅ ሙጫው እየቀለጠ ይደፍነዋል፣ ስለዚህ ፍጥነት ቀንሶ መታገስ ነው። ከንፈሩ ላይ የድሮ ሽቦ ምስማር የተወው ጥቁር ቀዳዳ ነበር። በኮላና በሰጋቱራ እንድፈነው ስላት "ይቆይ ቲቸር" አለች። በወላጆች ቀን አንድ እንግዳ ጥሩ ብር ሰጣት፣ "አይሸጥም" አለችው። እኛ ብር ልናሰባስብ ነበር እኮ የቆምነው! ምን ልበላት፣ ዝም አልኩ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

የቀሩት ተሸጠዋል። ለገዛችሁ፦ ለቆሎና ለዳቦ እንጂ ለወጥ እንዳታውሉት፣ የጥዱ ሽታ ምግብ ውስጥ ይገባል።

ያልተሳካም አለ። ንፋስ ከጣለው ዛፍ ባገኘነው እርጥብ ቅርንጫፍ የሠራነው ሁሉ ተሰነጣጥቆ ማገዶ ሆነ። የቶርኖውን ሞተር ከቁራሌው ስለገዛነው ኩሽኔታው (ዘንጉን የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት) ከገና በኋላ ተበላና እስከ ሁዳዴ ቆመን፣ መብራትማ አታንሱብኝ። ለኳስ ማልያ በየዓመቱ የሚገኝ ብር ለአንድ ኩሽኔታ መጥፋቱ ግን አልገባኝም፣ ኳሱን ጠልቼ አይደለም።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልገን መለዋወጫ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ)፣ የዓይን መነጽርና የአቧራ ማስክ ነው፣ የጥድ አቧራ ጉሮሮ ይከረክራልና ማስኩ ቅንጦት አይደለም። ብር ባይኖራችሁም አጥር የምታፈርሱ ወላጆች ቋሚውን ለማገዶ ከመስጠታችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ጋሪ ይዘን እንመጣለን፣ ምስማሩንም እኛው እንነቅላለን።