ያልጠለቅንበት የዳይቪንግ ክፍያ ይመለስልን

ቀን፦ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅማ

ለጉዞ ወኪሉ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ሐምሌ ላይ በእናንተ በኩል ኬንያ፣ ዋታሙ የባሕር ፓርክ ሄደን የተመለስን ባልና ሚስት ነን። እቁብ ደርሶን ነው የሄድነው። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚሁ ጅማ ሆቴል ውስጥ ዋና ስንማር ከርመናል። ከቦዬ ረግረግ ሌላ ውኃ ሳያይ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም። ቦዬ ደግሞ ጉማሬ አለበት፣ ማን ይገባል?

ሆቴሉ ደህና ነበር። የእኔ ቅሬታ የቀኖቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። የሰጣችሁን ፕሮግራም አባሪ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛው ቀን ባሕር ዳርቻ ዕረፍት፣ ሦስተኛው ስኖርክሊንግ (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ውኃው ላይ እየዋኙ ዓሣ ማየት)፣ አራተኛው የጌዴ ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ጉብኝት ይላል። አምስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ጊዜ ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ጋን ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ)፣ በዚያው ቀን 11 ሰዓት ላይ ከሞምባሳ በረራ።

አምስተኛው ቀን ማለዳ ዳይቪንግ ቤቱ ደረስን። የጎማ ልብሱን ለብሰናል፤ የባለቤቴ ዚፕ አልዘጋ ብሎ እየሳቅን ነው። አስተማሪው ቅጽ እየሞላ "የምትበሩት መቼ ነው?" አለን። "ዛሬ" አልነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ለምን እንደሆነ ሲያስረዳን ደነገጥኩ። 10 ሜትር ሲወረድ ግፊቱ ውኃው ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። በትንፋሽ ተመልሶ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይወጣ አውሮፕላን ከተሳፈሩ ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ አረፋ ይሠራል። የአምቦ ውኃ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ያ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ሲብስም ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ቢሆን አስቡት። ስለዚህ የጠላቂዎች መመሪያ አንዴ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከደጋገሙ 18 ሰዓት ሳይበሩ ቆዩ ይላል። የእናንተ ፕሮግራም የተወልን 6 ሰዓት ነው።

ሰውዬው አላጠልቅም አለ። ልክ ነው፣ አመሰግነዋለሁ። ስለ ገንዘቡ ስንጠይቀው ግን "ሂሳቡ ከወኪላችሁ ጋር ነው" አለ። ቢሮአችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ምን አለችኝ? "ጋሼ፣ ባይነግሩት ኖሮ እኮ ያጠልቃችሁ ነበር።"

ይኼን ስሰማ ነው ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰንኩት።

መፍትሔው እኮ ቀላል ነበር። ዳይቪንጉን ሁለተኛው ቀን፣ ጌዴን መጨረሻው ቀን ማድረግ። ጌዴ ለዘመናት የቆመ ድንጋይ ነው፣ የትም አይሄድብንም።

ወቅቱንም አልነገራችሁንም። ሐምሌ ላይ እዚያ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፣ ባሕሩ ይደፈርሳል። ውኃው የሚጠራው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። "ትክክለኛው ሰዓት ነው" ያላችሁን ጅማ ውስጥ ዝናብ ስለነበረ ይመስለኛል።

ስኖርክሊንጉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድፍርሱም ቢሆን ደስ ይላል። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን ሲቆረጥም ድምፁ ውኃ ውስጥ ይሰማል፤ ጎረቤት ቆሎ የሚበላ ነው የሚመስለው። ግን የቀጠራችሁት ጀልባ ነጂ ዓሦቹን በዳቦ ይጠራል፣ ለደከመው ሰው ደግሞ "እዚህ ላይ ቁም" እያለ ኮራሉን ያሳያል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ብዙው ዓይነት በዓመት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ አያድግም። ቦታው ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጠበቀ ፓርክ ነው። ለዚያ ጥበቃ የሚከፈለውን የመግቢያ ዋጋም "ሁሉን ያካተተ" ባላችሁት ጉዞ ላይ ከኪሳችን ነው የከፈልነው።

ስለዚህ ለሁለታችን ዳይቪንግ የከፈልነው 28,000 ብር እና የፓርኩ መግቢያ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። ደረሰኞቹ ተያይዘዋል። ፕሮግራሙንም አስተካክሉት፤ በመስከረም የሚሄዱ ሰዎች ያንኑ ወረቀት ይዘው ሂርማታ መርካቶ አግኝቻቸዋለሁ፤ አምስተኛው ቀን ላይ አሁንም "ዳይቪንግ፣ ከዚያ በረራ" ይላል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ